እንግዳው፣ ልጁና ቀበሌው፦ የአካባቢ አስተዳደር በሕፃናት ጥበቃና በዘላቂ ቱሪዝም ታሪክ ውስጥ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ካያችሁት ነገር ነው። ላሊበላ የሄደ ሰው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሲያቀና ልጆች ያጅቡታል። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ሰላምታ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ደብተር ወይም መዝገበ ቃላት እንዲገዛለት ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ በቅሎ እንዳለው ይናገራል፤ አራተኛው ምንም ሳይናገር ብቻ ይከተላል። የተገዛው መዝገበ ቃላት ጎብኚው ዞር ሲል ወደ ሱቁ ተመልሶ ዋጋው በባለሱቁና በልጁ መካከል እንደሚከፈል ለተጓዦች የሚዘጋጁ መምሪያ መጻሕፍት ሳይቀሩ ጽፈውታል። መጻሕፍቱ ጎብኚውን ያስጠነቅቃሉ፤ እንዳይታለል ይመክሩታል። ስለ ልጁ ግን እምብዛም አይሉም። እንግዳው በሦስተኛው ቀን ይሄዳል፤ ልጁ እዚያው ይቀራል።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ በዚያ መንገድ ላይ ለቆመው ልጅ ኃላፊው ማን ነው? ወላጁ ነውን? ቅርሱን የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ናትን? አገሪቱን ለዓለም የሚያስተዋውቀው የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ነውን? ወይስ ከሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉ ቀርቦ የሚገኘው የቀበሌና የከተማ አስተዳደር? እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቱሪዝማችን ለስድሳ ዓመታት ያህል ከማዕከል የታቀደ፣ ስለ ድንጋይና ስለ መንገድ የሚያስብ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ልጁ በበኩሉ ለምጽዋትና ለእርዳታ ድርጅት ተትቷል። እንግዳውንና ልጁን በአንድ መንገድ ላይ በየዕለቱ የሚያያቸው የአካባቢ አስተዳደር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሥልጣኑም ገንዘቡም ተጣምረው ተሰጥተውት አያውቁም። የሕፃናት ጥበቃ በቱሪዝም ላይ የሚጨመር ደግነት አይደለም፤ ቱሪዝሙ ዘላቂ መሆን አለመሆኑ የሚለካበት መስፈሪያ ነው።

ከቱሪስት በፊት የነበረው እንግዳ

ላሊበላ እንግዳ መቀበል የጀመረችው በአውሮፕላን ዘመን አይደለም። በየዓመቱ ለገና ከየአውራጃው በእግሩ የሚመጣ ምእመን ከጥንት ጀምሮ ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከተማይቱ ለዚህ እንግዳ ያላት ወግ የታወቀ ነው፤ ከረጅም መንገድ የመጣው ተሳላሚ እግሩ ይታጠባል፣ ያገኘችው ቤት ታሳድረዋለች። እግር በማጠቡ ሥራ ወጣቶች ይሳተፋሉ፤ ዋጋ ግን አይጠየቅበትም። ልጁ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የቤቱና የሰበካው ወገን ሆኖ እንግዳውን ያገለግላል፤ ሲያገለግልም ከአባቱ፣ ከእናቱና ከጎረቤቱ ዓይን አይርቅም።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የለማኝ ልጅ አለ፤ የቆሎ ተማሪው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆም ሕፃን በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ የከበረ ቦታ አለው። ይህን ምሳሌ የማነሣው የቀደመውን ዘመን ለማስዋብ አይደለም። ረኃቡ፣ ውሻው፣ ብርዱና በሽታው ስንቱን ልጅ እንዳጠፋ የአብነት ትምህርት ቤቱን ያለፉ ሊቃውንት ራሳቸው ይናገራሉ። ነገር ግን ልመናው ሥርዓት ነበረው። ልጁ የሚለምነው ቁራሽ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ከለመነ በኋላ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ በጎጆው መምህር አለ፤ መምህሩም ትናንት የተማረውን ዛሬ ይጠይቀዋል። ልመናው የትምህርቱ አገልጋይ ነበር።

በቱሪዝሙ ጎዳና ላይ የተለወጠው ልጅ መለመኑ አይደለም፤ ከልመናው በስተጀርባ የነበረው ጠያቂ መጥፋቱ ነው። ሰጪው ልጁን አያውቀውም፤ ልጁም ሰጪውን ዳግመኛ አያየውም። ትምህርት ምክንያት ሆኖ ይጠራል እንጂ ገንዘቡ ወደ ትምህርት መሄዱን የሚከታተል መምህር የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው መንገድ አብሮኝ የወረደ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ስጠይቀው፣ ለፈረንጆች አምስተኛ ክፍል ነኝ እንደሚል፣ እውነቱ ግን ትምህርት ካቆመ ሁለት ዓመት እንደሞላው በግልጽ ነግሮኛል። ይህን ሲነግረኝ አላፈረም። ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ የሚያሳፍር መሆኑንም የነገረው አልነበረም።

ከማዕከል የተሠመረው መሥመር

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ፣ ያየውን ቢዘረዝር የሚያምነው እንዳያጣ መሥጋቱን ገልጿል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የውጭው ተጓዥ ዓይን ያረፈው በድንጋዩ ላይ ነው፤ ዘመናዊው ቱሪዝማችንም ይህንኑ ዓይን ወረሰ።

የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት አገሪቱን «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መጠሪያ ለዓለም አስተዋወቀ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያያይዘው ታሪካዊ መሥመር ተዘረጋ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖችም በእግርና በበቅሎ ቀናት የሚፈጀውን ጉዞ ወደ ሰዓታት አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት የጥገና ሥራ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከስሜን ተራሮች ጋር በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት 12 ስፍራዎች መካከል ሆኑ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ እቅዱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አስተውሉ። አዲስ አበባ መሥመሩን ትሠምራለች፤ የውጭ ባለሙያ ድንጋዩን ይጠግናል፤ ከተማይቱ ተቀባይ ናት። በዚያን ጊዜ የአካባቢ አስተዳደር ምን ነበር? በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ሕግ ጠቅላይ ግዛትን፣ አውራጃንና ወረዳን ከማዕከል ጋር ያስተሳሰረ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ዋና ሐሳቡ መንገድ፣ ውኃ፣ ጽዳትና ፈቃድ ነበር። ከዚህ በታች ጭቃ ሹሙና አጥቢያ ዳኛው አሉ፤ ሥራቸው ግብር ማስገባትና ጠብ ማብረድ ነው። ልጅ የአባቱ ነው፤ አባት ከሌለው የዘመዱ ነው፤ ዘመድ ከሌለው የቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅን የሚመለከት የአስተዳደር መደብ ስላልነበረ ቱሪስቱ ሲመጣ በልጁ ላይ የሚደርሰውን የሚመዘግብ መዝገብም አልነበረም። የላስታ ልጅ ወደ መንግሥት ዓይን የገባው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የታየው ዘግይቶ ነው።

የሚቆጥር ቀበሌ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ የምንለው ነገር ከዚህ ተወለደ። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት እያንዳንዱን ቤት የሚያውቅ፣ በእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥር ክንድ አገኘ።

ይህ ክንድ ሁለት ነገር ሠርቷል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌው መሐይሙን ቆጥሮ፣ ቦታ አዘጋጅቶ፣ ብዙ ሺህ ሰው ፊደል እንዲቆጥር አድርጓል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ ያው ቀበሌ፣ በያው መዝገብ፣ ወጣቱን ለጦርነት መልምሏል። አፈሳ የሚለው ቃል በዚያ ትውልድ ልቡና ውስጥ ያለው ትርጉም ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ መመዝገብ ማለት ሁልጊዜ መጠበቅ ማለት አይደለም። ዛሬ የልደት ምዝገባን ጥቅም ለወላጅ ስናስረዳ ከፊታችን የቆመችው እናት የቀበሌን መዝገብ በምን እንደምታስታውሰው ማወቅ ይገባናል።

በዚያው ዘመን መንግሥት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመጠበቅ የወሰደው እርምጃ በአላጌ በተቋቋመው የሕፃናት አምባ ይወከላል። የወደቁ ወታደሮች ልጆች ከያሉበት ተሰብስበው በአንድ ስፍራ እንዲያድጉ ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜም የእርዳታ ድርጅቶች ማሳደጊያዎችን ከፈቱ። የተረፉ ብዙ ናቸው፤ ከአምባው የወጡ ብርቱ ሰዎችንም እናውቃለን። የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ ግን ልጅን ለመጠበቅ ከሰፈሩ ማውጣት ነው። ሰፈሩ ራሱ ጠባቂ ይሆን ዘንድ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። ልጁን ከአካባቢው ነጥሎ የሚያይ ጥበቃ፣ አካባቢውን ከነዋሪው ነጥሎ ከሚያይ ቱሪዝም ጋር የአስተሳሰብ ዘመድ ነው።

በሕግ የተገናኙ፣ በቢሮ የተለያዩ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሕጉ ገጽታ ተለውጧል። ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ሲሆን፣ በአንቀጽ 32 ከኢኮኖሚያዊ ብዝበዛ፣ በአንቀጽ 34 ከወሲባዊ ብዝበዛ እንዲጠበቅ ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጁ ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች እንዲጠበቅ፣ በትምህርቱና በጤናው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ እንዳይሠራ ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸሙ የግብረ ሥጋ ድፍረቶችን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ሁለቱ ሐሳቦች መቀራረብ የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስቶክሆልም በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የንግድ ወሲባዊ ብዝበዛ የሚቃወም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የተቀበለው የሥነ ምግባር ደንብ የሰውን፣ በተለይም የሕፃናትን ብዝበዛ የቱሪዝምን መሠረታዊ ዓላማ የሚፃረር መሆኑን አስታወቀ። የራሳችን የቱሪዝም ልማት ፖሊሲም በ2001 ዓ.ም. ወጣ።

እንግዲህ ሕጉ ካለ ችግሩ የት ነው? መልሱ በወረዳው ግቢ ውስጥ ነው። በአንደኛው በር ላይ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚል ተጽፏል፤ በሌላኛው በር ላይ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚል ተጽፏል። የጽሕፈት ቤቶቹ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ግን አይለወጥም። የመጀመሪያው ሪፖርት ስንት ጎብኚ እንደመጣና ስንት ብር እንደተገኘ ይናገራል። የሁለተኛው ሪፖርት ስንት ወላጅ አልባ ሕፃን ደብተርና ዩኒፎርም እንዳገኘ ይናገራል። በቤተ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ የቆመው ልጅ ከሁለቱም ሪፖርት ውጭ ነው፤ ጎብኚ አይደለም፣ ወላጅ አልባም ላይሆን ይችላል።

የገንዘቡም መንገድ እንዲሁ ነው። የውጭ ጎብኚ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያኗ አስተዳደር ነው። ይህ ካህናቱን የሚያኖር፣ ቅርሱንም የሚያቆይ በመሆኑ ተገቢነቱን አልከራከርም፤ ቤቱን ለ800 ዓመታት ያህል የጠበቀው ቱሪዝም ሳይሆን ካህኑ ነውና። የአውሮፕላኑ ዋጋ ወደ አየር መንገዱ፣ የጉዞ ማኅበራት ክፍያ በአብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለከተማው አስተዳደር የሚቀረው የነጋዴው ግብር፣ የቦታ ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ከእርሱም ላይ ቆሻሻ ማንሣት፣ ውኃ ማዳረስና መንገድ መጠገን ይጠበቅበታል። ስለዚህ ቱሪዝሙ በልጁ ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚሸከመው አካል ከቱሪዝሙ ገቢ የሚያገኘው ከሁሉ ያነሰውን ነው። በልጅ ጉዳይ ሲወቀስ በጀት የለኝም ቢል የሚዋሽ አይመስለኝም።

ከሩቅ አገር የተገኘ ትምህርት

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ከላስታ ወጥተን ወደ ፊሊፒንስ እንሻገር፤ ምክንያቱም ልጅንና እንግዳን በአንድ የአካባቢ አስተዳደር እጅ ያደረገ ሕግ ምን ሊሠራ፣ ምንስ ሊያቅተው እንደሚችል በግልጽ የሚታየው በዚያ ነው።

ፓግሳንሃን ከማኒላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በላጉና አውራጃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ጎብኚ የሚመጣባት በወንዟና በፏፏቴዋ ነው፤ ጀልባ ቀዛፊዎች እንግዳውን በገደል መካከል ወደ ላይ ይወስዱታል፣ በወራጁ ውኃም ይመልሱታል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የማርኮስ መንግሥት ቱሪዝምን የውጭ ምንዛሪ ምንጭ አድርጎ ሲያስፋፋ ፓግሳንሃን ታወቀች። በ1980ዎቹ ግን ስሟ በሌላ ነገር ተጠራ፤ ሕፃናትን፣ በተለይም ወንዶች ልጆችን ለወሲብ የሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎች መናኸሪያ ሆነች።

ለታሪክ ተማሪ ትኩረት የሚስበው ነገሩ እንዴት እንደዘለቀ ነው። ሰዎቹ በኃይል አልመጡም። የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈሉ፣ ለቤተሰብ ስጦታ ሰጡ፣ የፈረሰ ቤት አሠሩ። ጎረቤት አየ፤ ነገር ግን ከዚያው ገንዘብ የሚተዳደር ዘመድ ስለነበረው ዝም አለ። ዝምታው የክፋት ሳይሆን የገበያ ውጤት ነበር። የማርኮስ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት በከተማይቱ የሚኖሩ በርካታ የውጭ ዜጎችን ያዙ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ በከተማይቱ ውስጥ ግን ጉዳዩን አስቀድመው ሲናገሩበት የነበሩት በልጆች ጥበቃ ስም የተሰባሰቡ ነዋሪዎች ነበሩ።

የፊሊፒንስ ሕግ በዚህ ረገድ የሚጠና ነው። የ1974ቱ የሕፃናትና ወጣቶች ደኅንነት ሕግ ከቀበሌ ጋር በሚመሳሰለው ዝቅተኛ እርከን፣ ባራንጋይ በሚባለው፣ የሕፃናት ጥበቃ ምክር ቤት እንዲቋቋም አሰበ። የ1991ዱ የአካባቢ መንግሥት ሕግ ደግሞ የሕፃናትና ወጣቶችን ደኅንነት እንዲሁም የቱሪስት መስሕቦችን ጉዳይ በአንድነት ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጠ። በ1992 የወጣው የሕፃናት ልዩ ጥበቃ ሕግ፣ ዘመዱ ካልሆነ ልጅ ጋር አጠራጣሪ በሆነ ሁኔታ በሆቴል ክፍል ብቻውን የተገኘን ሰው በሙከራ ወንጀል መጠየቅ አስቻለ።

ይህ ማለት ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። ገበያው ከአንዱ ከተማ ሲባረር ወደ ሌላው ሄዷል፤ ኋላም ወደ ኢንተርኔት ገብቶ ፊሊፒንስ ከባድ ፈተና ላይ ወድቃለች። ምክር ቤት ማቋቋም ቀላል ነው፤ ሥራ ማሠራት ግን ገንዘብና ሰው ይጠይቃል። እኔ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የልጁ ጉዳይና የእንግዳው ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ አንዱ ሌላውን አያይም። ሁለተኛ፣ የጎረቤት ዝምታ የሚሰበረው ጎረቤቱ ሌላ መተዳደሪያ ሲኖረው ነው።

አገራችን ከዚህ አደጋ ነፃ ናት ብለን ራሳችንን አናታልል። ለአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ ልክፈል የሚል እንግዳ ብዙውን ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ልጆችም አሉ። ነገር ግን ቅኑን ከክፉው የሚለይ፣ ስምምነቱን የሚያውቅ፣ ልጁን በየጊዜው የሚጠይቅ አካል ከሌለ በሩ ለሁለቱም እኩል ተከፍቷል።

ገበያው ሲቆም

የላሊበላ ቱሪዝም ምን ያህል ዘላቂ እንደነበር የተፈተነው በቅርቡ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በረራውን አቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማይቱ ውስጥ ገባ፤ ላሊበላ እስከሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ወር አካባቢ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትተላለፍ ከረመች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም እንደገና እንግዳን አራቀ፤ የብዙ ትምህርት ቤቶችንም በር ዘጋ።

አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጫማ ጠባቂው፣ የሆቴል አስተናጋጇ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገቢ አጡ። ከመንገድ ይነሣ ስንል የነበረው ልጅም ከመንገድ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ስለተጠበቀ አልነበረም። የሚከተለው እንግዳ ስላጣ ነው። በዚያ ወቅት የከተማይቱን ቤቶች አንኳኩቶ ማን እንደራበው፣ የትኛው ልጅ እንደተሰደደ፣ የትኛዋ ልጅ ያለ ዕድሜዋ እንደተዳረች ሊያውቅ የሚችል ማን ነበር? አዲስ አበባ አይደለችም። ዕድሩ፣ ሰበካ ጉባኤው፣ የቀበሌው ሰው ናቸው። ቱሪዝሙ በደጉ ዘመን ለእነዚህ ተቋማት ያስቀረላቸው ነገር ስላልነበረ በክፉው ዘመን የሚሰጡት አልነበራቸውም። ዘላቂነት የሚለውን ቃል እኔ የምረዳው በዚህ ነው፦ እንግዳው ሲቀር የሚቀረው ምንድን ነው?

ከታሪኩ የሚወጣ ሥራ

አንዳንዶቻችሁ፣ ድህነቱ ሳይወገድ ልጁን ከመንገድ ማንሣት ጭካኔ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ትክክል ናችሁ። በዓል ወይም ጉባኤ በደረሰ ቁጥር የጎዳና ልጆችን አፍሶ ለሳምንት መሰወር በከተሞቻችን የታየ አሠራር ነው፤ ይህ የእንግዳውን ዓይን መጠበቅ እንጂ ልጁን መጠበቅ አይደለም። የምናገረው ስለ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛው ነው። የከተማው ከንቲባ የቱሪዝሙን፣ የሕፃናቱን፣ የትምህርቱንና የፖሊሱን ኃላፊዎች ከደብሩ አስተዳደር፣ ከአስጎብኚዎች ማኅበርና ከሆቴል ባለቤቶች ጋር በየወሩ ቢያስቀምጥ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። ሆቴልና እንግዳ ማረፊያ ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጥ አካል፣ ልጅ ይዞ የሚገባ እንግዳ እንዲመዘገብና አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ለፖሊስ እንዲነገር በፈቃዱ ላይ ግዴታ ሊያደርግ ይችላል። ሦስተኛው መዝገቡ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ላይ ውሏል፤ መዝጋቢውም ቀበሌው ነው። ዕድሜው በወረቀት ያልታወቀ ልጅ በሥራ ሕጉም በወንጀል ሕጉም ፊት ጥበቃው ደካማ ነው። በአንድ ወቅት ለውትድርና ያገለገለው መዝገብ ዛሬ ለልጁ ቢመሰክር፣ ቀበሌው ከወላጁ ጋር ይታረቃል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ከቱሪዝም ገቢ፣ በስምምነትና በግልጽ ሒሳብ፣ ጥቂት እጅ ወደ ከተማው ትምህርት ቤቶች ምገባ ቢሄድ፣ ልጁ በምሳ ሰዓት ከእንግዳው ኋላ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ለልጆች መስጠት የሚፈልገው ቅን እንግዳም በመንገድ ላይ ከመስጠት ይልቅ ወደዚሁ ማዕድ እንዲሰጥ አስጎብኚው ሊነግረው ይችላል። ይህ የቀድሞውን ሥርዓት በአዲስ መልክ መመለስ ነው፤ ምጽዋቱ ይቀጥላል፣ ከምጽዋቱ በስተጀርባ ግን ጠያቂ መምህር ይኖራል።

ውድ ተማሪዎች፣ የቅርስን ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከንጉሡ ነው፤ ከዚያ ወደ ድንጋዩ እንሄዳለን፤ በመጨረሻም ስለ ጥገናው እንጽፋለን። ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ካለ የማቀርብለት አደራ አለኝ። የአንዲትን የቱሪስት ከተማ የቀበሌ መዛግብት፣ የትምህርት ቤት የስም ጥሪ መዝገቦችና የዕድር ደብተሮች ፈልጎ ያንብብ። ጎብኚ በበዛበት ዓመት ከክፍል የቀረው ልጅ ስንት ነበር? ጎብኚ በጠፋበት ዓመትስ? የቱሪዝም ታሪካችን ይህን ጥያቄ መመለስ ሲጀምር፣ ፖሊሲ አውጪውም የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

 አሁን ወደ ጥያቄና አስተያየት እንለፍ።